ወይን በመዝገበ ቃላት፤ ከድሬዳዋ እስከ ቦኬ

ቦኬ በምዕራብ ሐረርጌ የምትገኝ፣ ቆላም ወይና ደጋም ያላት ወረዳ ናት። «ወይና ደጋ» የሚለውን ቃል ሁላችንም በጂኦግራፊ ትምህርት ስለተማርነው ከፍታና የአየር ጠባይ እንጂ ሌላ ነገር አያስታውሰንም። ቃሉ ግን ሲፈታ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። በቦኬም ሆነ ከአሰበ ተፈሪ (ከዛሬዋ ጭሮ) በላይ በተዘረጋው የጨርጨር ተራራ ይህን መሬት የያዘው ጫትና ቡና፣ ማሽላና በቆሎ ነው። የወይን ሐረግ በስሙ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ወይኑን አይቶና ቀምሶ የማያውቅ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ታዲያ ወይንን ከየት ይማራል? ይህ ጽሑፍ «ከመዝገበ ቃላት» የሚለውን መልስ ይመረምራል። መልሱ ቀላል ቢመስልም ብዙ ታሪክ አለበት፤ ከታሪኩም ከፊሉ የተሠራው እዚያው ሐረርጌ ውስጥ ነው።

ከራሴ ልነሣ። አሰበ ተፈሪ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን በአንድ ግጥም ውስጥ የመጣውን «ወይን» ምን እንደሆነ ጠየቁን። ከቦኬ የመጣ ጓደኛዬ እጁን አውጥቶ «ቀለም ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ልጁ አልተሳሳተም። በገበያ የሚያውቀው ወይን ጠጅ የሻሽና የጨርቅ ቀለም ነው፤ በቤቱም መጠጡ የማይገባ፣ በሃይማኖቱም የተከለከለ ነው። መምህራችን አልሳቁም። ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አስመጥተው «ፈልጉት» አሉን። ሁለታችን በሀለሐመ ተራ ወደ መካከሉ ገለጥን፤ የለም። ወደ ኋላ ገለጥን፤ የለም። መጽሐፉ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነበር። እርሳቸው የሚከተሉት አበገደን ስለሆነ በሀለሐመ 15ኛ የሆነው «ወ» በእርሳቸው ዘንድ ከአ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ ቀጥሎ 6ኛ ነው። ያን ቀን የተማርነው ስለ ወይን ሳይሆን ስለ ፊደል ተራ ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህን መጽሐፍ አመጣጥ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። ሥራው የሦስት ሰዎች ቅብብሎሽ ነው። የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እኒህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1901 ለታተመው የኢግናጽዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሮም ውስጥ ሆነው የረዱ ሰው ናቸው። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ ተማሩ፤ ኋላም ወደ ሐረርጌ መጥተው በድሬዳዋ ሥራውን ቀጠሉ። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ የሕዝቅኤል ትርጓሜ በድሬዳዋው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በ1916 ዓ.ም. መታተሙም ለጉዳያችን ይጠቅማል። ሕዝቅኤል የወይን ግንድን ምሳሌ ደጋግሞ የሚያነሣ ነቢይ ነው፤ ፍሬ ያላፈራ የወይን እንጨት ከማገዶነት በቀር ለምንም እንደማይሆን የሚናገረው እርሱ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ተቀምጠው ይህን የተረጐሙት ሰው የወይን አትክልት በሚታወቅበት አገር የኖሩ ነበሩ። ስለዚህ ለመዝገበ ቃላታቸው ወይን ከመጽሐፍ ብቻ የተገኘ ቃል አልነበረም ብሎ መገመት አያስነውርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። አለቃ ኪዳነ ወልድ በድሬዳዋ ከግስ ጋር ሲታገሉ በነበረበት ዘመን አካባቢ፣ «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ይቆረቁሩ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲና ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ በአንድ ጠቅላይ ግዛት፣ በአንድ የባቡር መሥመር ዳርና ዳር መገኘታቸው በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን በቂ ትኩረት አላገኘም።

ወደ ወይኑ እንመለስ። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚማር ሰው በአንድ ቃል አይቆምም። አንዱ ቃል ወደ ሌላው ይመራዋል። «ወይን» ተክሉም፣ ፍሬውም፣ መጠጡም ነው፤ የዕብራይስጡ «ያይን»፣ የዐረብኛው «ወይን»፣ የግሪኩ «ኦይኖስ»ና የላቲኑ «ቪኑም» ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። ከዚያ «ሐረገ ወይን»ና «ዐጸደ ወይን» ይመጣሉ። የፍሬው ዘለላ «አስካል» ነው። ፍሬው የሚረገጥበት «ምክያድ» ይባላል፤ ይህን ለማግኘት ግን አንባቢው ወደ «ኬደ» መሄድ፣ ማለትም ቃሉ ከመርገጥ እንደወጣ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ሥሩን የማያውቅ ቅርንጫፉን አያገኝም፣ ሥሩን የሚያውቅ ደግሞ ግማሹን ትምህርት ጨርሷል። ቢሆንም ፍለጋው ራሱ ያስተምራል። «ምክያድ»ን ከ«ኬደ» ሥር ያገኘ ተማሪ ወይን በጥንት ዘመን በእግር እየተረገጠ ይጠመቅ እንደነበር ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ሌላው የመጭመቂያ ቃል «ምዕጻር» ነው፤ ከ«ዐጸረ» የወጣ። ያ የቦኬው ጓደኛዬ ቁርኣን የቀራ ልጅ ነበር። ይህን ሥር ከዓመታት በኋላ ባሳየሁት ጊዜ ወዲያው ያወቀው እርሱ ነው። በሱረቱ ዩሱፍ ከሁለቱ እስረኞች አንደኛው ወይን ሲጨምቅ ራሱን በሕልም ያየበት ቃል ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። የፍራፍሬ ጭማቂን ዐረብኛ «ዐሲር» የሚለውም ከዚሁ ነው። «ዝቅ» የሚለው የግእዝ ቃል፣ ማለትም ወይን የሚያዝበት ቆዳ፣ በዐረብኛም «ዚቅ» ነው። ወይን የማይጠጣው የእስላም ልጅ እኔ ያላየሁትን በር ከፈተልኝ። ክፍሉ የሳቀበት ልጅ ከሁላችንም ይበልጥ ለመዝገበ ቃላቱ የተዘጋጀ ነበር፤ ችግሩ ያን ጊዜ የጠየቀው አለመኖሩ ነው።

አማርኛው ግን በሌላ መንገድ ሄዷል። ወይን በብዛት በሌለበት አገር ቃላቱን ከጠላና ከጠጅ ቤት መበደር ነበረበት። መጠጡን «ወይን ጠጅ» ያልነው ጠጅን ስለምናውቅ ነው፤ ጠጅ ዋናው፣ ወይን ቅጽሉ ሆነ። ግእዝ የማሩን ጠጅ «ሜስ» ብሎ ከወይን ለይቶ ሲጠራ፣ አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቤት አኖራቸው። ኦሮምኛውም «ዳዺ ወይኒ» ሲል ያንኑ አደረገ፤ «ዳዺ» ጠጅ ነውና። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ምክያድ» «መጥመቂያ» ሆኗል፤ ጠመቀ የጠላ ቃል ነው። የወይን ማኖሪያው ቆዳ ደግሞ «አቁማዳ» ሆነ። አቁማዳ በሐረርጌም በሸዋም እህል የሚያዝበት ስልቻ ስለሆነ፣ አሮጌው አቁማዳ በአዲስ ወይን ለምን እንደሚፈነዳ ለገበሬ ልጅ አይገባውም። የሚያፈላና አየሩን የሚገፋ አዲስ ወይን በተለጠጠና በደረቀ ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ማወቅ የሚፈልግ ከአማርኛው ወደ ግእዙ «ዝቅ» ተመልሶ መሄድ አለበት። ተርጓሚዎቹን አልነቅፍም፤ የሚታወቀውን ዕቃ መረጡ። ግን የምሳሌው ጉልበት በዕቃው ምርጫ እንደቀነሰ መካድ አይቻልም።

ቃሉ ይህን ያህል የበረታው ነገሩ ፈጽሞ ስላልነበረ አይደለም። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ዙሪያ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያና የኢጣልያ ወይንን፣ ጥቂት መሆኑን ገልጾ ይቈጥራል። በአክሱም ቁፋሮም ከአይላ (ከዛሬዋ ዐቀባ) የመጡ እንስራዎች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ወይን በግልጽ የሚጠመቀው በንጉሡና በአቡኑ ቤት ብቻ እንደሆነ፣ ለቁርባን ግን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ጽፏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ መንገደኞችም በበጌምድር በይፋግ አካባቢ የወይን ተክል አይተዋል። ዘቢቡ እስከ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ስለዚህ በመዝገበ ቃላታችን «ዘቢብ» የደረቀ ፍሬ ብቻ አይደለም፤ ወይን በራቀበት አገር ወይንን ያቆየ መላ ነው።

ስለ አሠራሩም ቢሆን መጻሕፍታችን ዝም አላሉም። ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ኖኅ መርከቢቱ ባረፈችበት በሉባር ተራራ ወይን እንደ ተከለ፣ በአራተኛው ዓመት ፍሬውን እንደ ለቀመ፣ ወይኑንም በዕቃ አኑሮ እስከ አምስተኛው ዓመት እንደ ጠበቀ ይተርካል። አዲስ ሐረግ ለጥሩ ፍሬ ሦስት አራት ዓመት እንደሚፈልግ፣ ወይንም ተቀምጦ እንደሚሻል ዛሬ ማንኛውም የወይን ገበሬ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃንሲስ ሮቢንሰን አዘጋጅነት በኦክስፎርድ የታተመው ትልቁ የወይን ማጣቀሻ መጽሐፍም ይህንኑ ዕውቀት በፊደል ተራ አስቀምጦ፣ አንባቢውን ከቃል ወደ ቃል እየመራ ያስተምራል። በአሠራሩ ከአለቃ ኪዳነ ወልድ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ የዚያ አንባቢ ጠርሙሱን ከጎኑ አኑሮ ማንበብ መቻሉ ነው።

መዝገበ ቃላት ጣዕምን አይሰጥም። ግን ጣዕሙ ሳይኖር ስሙ እንዴት እንደኖረ ያሳያል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበር፤ የማርያም የወይን ዘለላ ማለት ነው። ሐረገወይን የሚባሉ፣ ወይንሸት የሚባሉ ሴቶች በየከተማው አሉ፤ ስሙን ያወጡት ወላጆች አብዛኞቹ ሐረጉን አይተውት አያውቁም ብል ከእውነት አልርቅም። በአንጻሩ በባቡር የመጣው ወይን የራሱን ቃል ይዞ መጣ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ በጅቡቲ በኩል ከመጡት ቃላት አንዱ «ቡሽ» ይመስለኛል፤ ፈረንሳይኛው «ቡሾን» ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ዝዋይ ላይ ከተተከለው ሐረግ የተጠመቀ ወይን በጠርሙስ ይሸጣል፤ በልሳኑም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባሉ የሐረግ ዓይነቶች ገብተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል «አማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1993 ዓ.ም. የወጣ ስለሆነ ከእነዚህ ሐረጎች ይቀድማል። ቀጣዩ አዘጋጅ ሲያስገባቸው እንደ «ቡሽ» እንዳሉ ይቀበላቸው ይሆን፣ ወይስ «ሐረገ»ን ጨምሮ ያበዛቸው ይሆን? ጓደኛዬን ጠየቅሁት። ዛሬ አስተማሪ ነው፤ «መጀመሪያ ፊደሉን በየትኛው ተራ እንደምትጽፉት ወስኑ» አለኝ።