ጉልበትና ጽናት፦ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናን የማሻሻል ታሪክ ከዊሊስ እስከ ዳሪየን

አንድ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው ብዙ ነገር ከተመዛዘነ በኋላ ነው። መሐንዲሱ የጎማውን ስፋት፣ የሞተሩን ጉልበት፣ የሱስታውን ጥንካሬና የዲፈረንሻሉን ጥርስ አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ መጠናቸውን ይወስናል። መኪናው በባለቤቱ እጅ ከገባ በኋላ ግን ምኞት ይነሣል፤ ከፍ ይበል፣ ጎማው ይስፋ፣ ሞተሩ ይበርታ ይባላል። በየጋራዡ ዘወትር የሚሰማው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከ80 ዓመታት በላይ የቆየ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ለሙያው ሰው ብዙ የሚያስተምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የታሪኩ መነሻ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1940 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ ቀላል የቅኝት መኪና ፈልጎ ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ አደረገ። የመጀመሪያው ናሙና በ49 ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ መጠየቁ አብዛኞቹን አስፈራቸው። ባንታም የተባለው አነስተኛ ኩባንያ ቀኑን ጠብቆ መስከረም 23 ቀን 1940 ናሙናውን አስረከበ። ተወዳዳሪው ዊሊስ ኦቨርላንድ ዘግይቶ ቢደርስም ሌሎቹ ያልነበራቸውን አንድ ነገር ይዞ መጣ፤ ይኸውም ሞተሩ ነበር።

የዚህ ሞተር ታሪክ በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ዴልማር ሩስ የተባለው መሐንዲስ በ1938 ወደ ዊሊስ ሲገባ ያገኘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር 48 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥና በከፍተኛ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የማይጸና ነበር። ሩስ ሥራውን የጀመረው ጉልበት ከመጨመር ሳይሆን ድክመትን ከመፈለግ ነው። የሚነካኩትን ክፍሎች ልኬት አጠበቀ፤ ፒስተኖቹንና ኩሽኔታዎቹን አሻሻለ፤ ማቀዝቀዣውን አጠናከረ፤ ሞተሩንም ለብዙ ሰዓታት በሙሉ ፍጥነት እያሠራ ፈተነው። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ያው 2.2 ሊትር የነበረው ሞተር 60 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ጉልበቱ የጽናት ተከታይ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሞተሩ ከባድ ነበር። ጦር ሠራዊቱ የመጨረሻ አድርጎ የወሰነው ክብደት 980 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን የዊሊስ ናሙና ይህን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ አለፈው። ኩባንያው ሞተሩን መተው ወይም ሌላውን ሁሉ ማቅለል ነበረበት። ሩስና ባልደረቦቹ ሁለተኛውን መረጡ፤ መኪናውን ፈታትተው እያንዳንዱን ክፍል መዘኑ፤ ትርፍ የሆነውን የብሎን ርዝመት ሳይቀር ቆረጡ። በጦርነቱ ዘመን በየአህጉሩ የታየው ጂፕ የተወለደው ከዚህ የግራም ቁጠባ ነው። ዛሬ በአንድ መኪና ላይ ከባድ የብረት መከላከያ፣ ዊንችና የጣሪያ ዕቃ መጫኛ በአንድ ቀን ሲገጠም ለሚመለከት ባለሙያ ይህ ታሪክ ሊታወሰው ይገባል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ትርፍ ጂፖች ወደ ሲቪሉ ኅብረተሰብ ገቡ፤ የማሻሻሉም ሥራ በግለሰቦች እጅ ተስፋፋ። የመጀመሪያው ችግር የታየው በአስፋልት ላይ ነው። የፊት ጎማዎቹ ኃይል ባይደርሳቸውም እንኳ የፊት ሴሚያሶችንና ዲፈረንሻሉን እያዞሩ ስለሚሄዱ ነዳጅ ያለ ጥቅም ይባክን፣ ዕቃውም ያልቅ ነበር። አርተር ዋርን የተባለ አሜሪካዊ በ1948 የፊት ጎማን ከሴሚያሱ የሚለያይ መቆለፊያ ሠርቶ ይህን ችግር አቃለለ። የእርሱ ኩባንያ ኋላም በ1959 በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዊንች ለመኪና አቀረበ። በዚያው በ1948 ሮቨር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በጂፕ ሻንሲ ላይ ከሠራው ናሙና ተነሥቶ ላንድ ሮቨርን በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ አሳየ። በ1951 ደግሞ የቶዮታ ፈታኝ ሾፌር የኋላ ኋላ ላንድ ክሩዘር ለተባለው መኪና መነሻ የሆነውን ሞዴል እስከ ፉጂ ተራራ ስድስተኛ ማረፊያ ድረስ ነዳው።

ከዚያ በኋላ ፍላጎቱ ወደ ሞተር ዞረ። በ1965 የጂፕ አምራቾች እስከዚያ 75 የፈረስ ጉልበት በነበረው ሲጄ-5 ላይ ከቢዊክ የተገኘ 155 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በምርጫ አቀረቡ። ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህ ሞተር የተወለደው ቢዊክ ቀደም ሲል ሠርቶት ከነበረው ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተር ነው። የዚህን የአሉሚኒየም ሞተር መብት ደግሞ ሮቨር በዚያው በ1965 ገዛ። በሰኔ 1970 ሬንጅ ሮቨር ለገበያ ሲቀርብ በኮፈኑ ሥር የነበረው ይኸው 3.5 ሊትር ሞተር ነበር።

ሬንጅ ሮቨር ሁልጊዜ በአራቱም ጎማዎች የሚነዳ፣ በባሌስትራ ፈንታ ሱስታ የተገጠመለት፣ አራቱም ጎማዎች የዲስክ ፍሬን ያላቸው መኪና ነበር። የሞተሩ አቀራረብ ግን ለሙያው ሰው የበለጠ ትርጉም አለው። ይኸው ሞተር በሮቨር የከተማ መኪና ላይ ሲገጠም የአየርና ነዳጅ ድብልቁን 10.5 ለ1 ይጨምቅ ነበር። ለሬንጅ ሮቨር ሲሆን ወደ 8.5 ለ1 ዝቅ ተደረገ፤ ጉልበቱም 135 ሆነ። ፋብሪካው ሆን ብሎ ጉልበት የቀነሰው መኪናው ደረጃው ዝቅ ያለ ነዳጅ ብቻ በሚገኝበት አገር ሳይጎዳ እንዲሠራ ነው። ዛሬ ይህንኑ ሞተር በድጋሚ ከፍ አድርጎ እንዲጨምቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን በሩቅ ገጠር ከበርሜል የሚቀዳውን ነዳጅ ማን ይመርጥለታል?

እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች በአንድ ቦታ ተገናኝተው የተፈተኑት በዳሪየን ነው። ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚዘልቀው የፓን አሜሪካ አውራ ጎዳና በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ይቋረጣል። በመካከሉ ያለው ጫካ፣ ወንዝና ረግረግ ዳሪየን ይባላል፤ ዛሬም ቢሆን አቋርጦት የሚያልፍ የመኪና መንገድ የለም። በ1960 አንድ ላንድ ሮቨርና አንድ ጂፕ በ136 ቀናት ተሻግረውት ነበር። በ1971 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች በሁለት ሬንጅ ሮቨሮች ከአላስካ እስከ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ለመጓዝ ተነሡ። የዘመቻው መሪ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል በ1968 በአገራችን የዓባይን ሸለቆ በጀልባ የወረደውን ቡድን የመራ መኮንን ነው።

መኪናዎቹ ለጉዞው ተሻሽለው ነበር። ዊንች፣ የፊት መከላከያና የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ተገጠመላቸው፤ ገደል ለመሻገሪያ የሚያገለግሉ መሰላሎች ተሸከሙ። ለዳሪየን ጭቃ ተብሎም እጅግ ሰፋፊ የረግረግ ጎማዎች ተዘጋጁላቸው። በታኅሣሥ 1971 ከአንኮሬጅ ተነሥተው በጥር 1972 ወደ ጫካው ሲገቡ ከፊታቸው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የለሽ ምድር ነበር። ጊዜው የተመረጠው በጥንቃቄ ነው፤ ዋናው የዝናብ ወራት ከመድረሱ በፊት የአትራቶን ረግረግ መሻገር ግዴታ ነበር። ካለፈ ግን መኪናዎቹ በጫካው ውስጥ ይቀራሉ፤ የሰዎቹም ሕይወት በአደጋ ላይ ይወድቃል።

ጉዞው ገና በፓናማ ክልል ሳለ የኋላ ዲፈረንሻሎች ይሰባበሩ ጀመር። መለዋወጫ ቢገጠምም ያው ጉዳት ተደገመ። ፋብሪካው ዕቃና መሐንዲስ በአውሮፕላን ላከ። ምክንያቱ ሲመረመር ጥርጣሬው ያረፈው ለማሻሻል ተብለው በተጨመሩት ነገሮች ላይ ነበር፤ ይኸውም በመኪናው የኋላ ክፍል በተከማቸው ከልክ ያለፈ ጭነትና በሰፋፊዎቹ ጎማዎች ላይ ነው።

የጉዳዩ አሠራር በቀላል ሒሳብ ሊገለጽ ይችላል። የሬንጅ ሮቨር ሞተር በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 250 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል። በካምቢዮው አንደኛ ማርሽ፣ በረዳት ካምቢዮው የዝግታ ማርሽና በዲፈረንሻሉ በኩል ሲያልፍ ይህ ኃይል 48 ጊዜ ያህል ይባዛል። ሰበቃ የሚወስደው ሳይቆጠር ወደ ሴሚያሶቹ የሚደርሰው 12,000 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የመካከለኛው ዲፈረንሻል ሲቆለፍ ከዚህ ኃይል የሚበዛው መሬቱን አጥብቆ ወደ ያዘው ጎማ ያደላል። ጭነቱ በኋላ ከበዛ ደግሞ አጥብቀው የሚይዙት የኋላ ጎማዎች ናቸው።

በተለመደው ጎማ ቢሆን ኖሮ ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ ጎማው ተንሸራቶ ይሽከረከርና ኃይሉ በጭቃው ውስጥ ይባክናል። ሾፌሩ የሚያማርርበት ይህ መንሸራተት ለዲፈረንሻሉ እንደ ማስተንፈሻ ያገለግለዋል። ሰፊውና ትልቁ ጎማ ግን አልንሸራተትም አለ፤ ዙሪያው በመጨመሩም መኪናውን ለመግፋት ከሴሚያሱ የሚጠየቀው ኃይል ከፍ አለ። እንግዲህ የማይንሸራተት ጎማና የማያቋርጥ ሞተር በመካከላቸው ያለውን የዲፈረንሻል ጥርስ አደቀቁት። ጎማው የነበረበት ድክመት ሲወገድ ጫናው ወደ ሌላ ደካማ ክፍል ተሸጋገረ።

መፍትሔው አዲስ ነገር መጨመር አልነበረም። ጭነቱ ተቀነሰ፤ መኪናዎቹ ወደ ተለመደው ጎማ ተመለሱ፤ ዲፈረንሻሎቹም ተለወጡ። በፓናማ የተገዛ አንድ ያገለገለ ላንድ ሮቨር ፊት ፊት እየሄደ መንገድ እንዲፈልግ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ሥራው የመጥረቢያ፣ የአካፋና የትዕግሥት ሆነ። መሐንዲስ ወታደሮች ጫካውን መነጠሩ፤ መኪናዎቹ ወንዞችን በአየር በተሞላ ጀልባ ላይ ሆነው ተሻገሩ፤ የአትራቶንም ረግረግ አልፈው በሚያዝያ 1972 ከዳሪየን ወጡ። መቶ ቀናት ያህል ፈጅቶባቸው ነበር። በሰኔ ወር ሁለቱም መኪናዎች ከጉዟቸው መጨረሻ ደረሱ።

ከዳሪየን በኋላ የማሻሻል ሥራ አልቆመም፤ በብልሃት ግን ተሠራበት። በ1979 በተካሄደው የመጀመሪያው የፓሪስ ዳካር ውድድር ከመኪናዎች ቀዳሚ የሆነው ሬንጅ ሮቨር ነበር፤ በ1981ም ይኸው ዓይነት መኪና ድል አደረገ። በ1985 ድሉ ለሚትሱቢሺ ፓጄሮ ሆነ። በዚህ ዓይነቱ የብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ውድድር የሚያሸንፈው እስከ መጨረሻው ሳይሰበር የሚደርስ ነው።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ባለሙያ ቅርብ የሚሆንበት ልዩ ምክንያት አለ። የአገራችን ደጋ ራሱ ከሞተር ላይ ጉልበት ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በአየሩ ውስጥ ያለው ክምችት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን ገደማ ጉልበቱ ይጎድላል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ይበዛበትና ይጨሳል። የጭስ ማውጫን ቱርቦ ያለው ሞተር ከዚህ ጉድለት አብዛኛውን ይመልሳል፤ ይሁን እንጂ ሙቀትና ግፊት ስለሚጨምር ማቀዝቀዣው፣ ዘይቱና የፒስተኖቹ ጥንካሬ አስቀድመው መመርመር አለባቸው። ሩስ በ1938 የጀመረበት ቅደም ተከተል ዛሬም አልተሻረም።

ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ የጎማው ቁመት ከ30 ኢንች ወደ 33 ኢንች ያደገ መኪና በእያንዳንዱ ማርሽ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። በደጋ ከፍታ ምክንያት ከመቶ 80 የቀረው ጉልበት በዚህ ሲባዛ ከመቶ 72 ይሆናል። የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ያለ ያሳያል፤ ፍሬኑ የሚያቆመው ጎማ ይከብዳል፤ መኪናው ከፍ በማለቱ በጠመዝማዛ ቁልቁለት የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ተመልሶ «ሞተሩ ደከመ» ሲል ጥፋቱ በሞተሩ ላይ ላይሆን ይችላል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ተግባር መፍቻ ማንሣት ሳይሆን መጠየቅ ነው። መኪናው ወዴት ይሄዳል? ስንት ሰውና ስንት ኪሎ ዕቃ ይጭናል? ነዳጁን ከየት ይቀዳል? ቢሰበር ማን ይደርስለታል? ከዚያም የሚጨመረው ነገር ጫናውን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚያሸጋግር ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለውን መስመር ተከትሎ ሊመረምር ይገባዋል። ባለቤቱ የሚያየው ጎማውንና ከፍታውን ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ በዘይት ተነክሮ የሚሠራውን ጥርስ የሚያስብለት ሰው ባለሙያው ብቻ ነው፤ ከመንደር ርቆ በጨለማ የሚሄደው መንገደኛም ሕይወቱን የሚጥለው በዚሁ ጥርስ ላይ ነው።