አቡጀዲ እና 10 በመቶ

አቡጀዲ የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር አንድ የአሜሪካ ቆንስል ትዝ ይለኛል። ሮበርት ስኪነር ይባላል። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ፤ ከአሜሪካ ጋር የመጀመሪያው ውላችን ነው። ያኔ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ጨርቅ ዋናው የአሜሪካ አቡጀዲ ስለነበር ሰውዬው ገበያውን ሊያደላድል ነበር የመጣው።

ከባዱ ውል ግን በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በመልእክተኛው ስም «የክሎቡኮውስኪ ውል» የሚባለው ነው። በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የምንጥለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ። ለአንዳንዱ፣ ለምሳሌ ለወይን ጠጅ፣ 8 በመቶ ብቻ። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ደግሞ ዳኛችን ብቻውን አይፈርድም፤ ቆንስሉ አብሮት ይቀመጣል፣ የሚሠራውም የተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሌሎቹ መንግሥታትም «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል» አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ከአድዋ 12 ዓመት በኋላ ነው! ሸማኔዬን ልጠብቅ ብሎ ቀረጡን ከፍ ማድረግ የፈለገ መንግሥት መጀመሪያ ፓሪስን ማስፈቀድ ነበረበት።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ልብስ ወደ አሜሪካ የምንልከው እኛ ሆንን። በአጎዋ ያለ ቀረጥ ማለት ነው። አጎዋ ግን ውል እንኳን አይደለም፤ አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ለብቻዋ ያወጣችው ሕግ ነው። የሰጠችውን ስትፈልግ ትነሳለች።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። በ2011 ጀማሪ ሰፊ በወር 26 ዶላር ገደማ ታገኝ ነበር። እዚህ ላይ ፈረንጅን ብቻ መውቀስ አይዋጥልኝም። አጎዋ ዝቅተኛ ደመወዝ አትወስኑ አይልም፤ እንዲያውም የሠራተኛ መብት ይከበር ይላል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳናበጅ «ርካሽ ጉልበት አለን» ብለን ባለሀብት የጠራነው እኛው ነን። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በኅዳር 2014 የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዋሽንግተንም የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ምክንያት አድርጋ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ቅጣቱ ለመንግሥት የታሰበ ነበር። ከሥራ የወጡት ግን ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ተጋርተው የተከራዩ ሴቶች ናቸው።