የእንጀራ እናት ጥፋቷ ምንድን ነው?



ባለፈው የንባብ ምሽታችን የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ መብራቱ ጠፋብን። ክርክሩ በምድር ላይ ኖራ ስለማታውቅ አንዲት ሴት ነበር። ይሁን እንጂ ወደየቤታችን ስንበተን ብዙዎቻችን ዝም ብለን ነው የሄድነው፤ ነገሩ ከልብ ወለድ አልፎ ደጃችን ድረስ የመጣ መስሎ ተሰምቶን ነበርና። በዚህ ጽሑፍ ያንን ክርክር ከታሪክ ጋር እያመሳከርን ከዳር ለማድረስ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴትዮዋ ኬትሊን ስታርክ ናት። አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን በ1996 ማሳተም በጀመረው፣ ከ2011 እስከ 2019 ደግሞ «የዙፋን ጨዋታ» ተብሎ በቴሌቪዥን በታየው ረጅም ተረት መሰል ልብ ወለድ ውስጥ የአንድ የሰሜን መስፍን ሚስት ናት። ላላነበበ በአጭሩ እንንገር። መስፍኑ ኔድ እንዳገባት ወደ ጦርነት ይዘምታል። እሷ የበኩር ልጇን ትወልዳለች። ጦርነቱ ሲያበቃ ባልዋ ሌላ ሕፃን ይዞ ይመጣል። «ልጄ ነው» ይላል፤ እናቱ ማን እንደሆነች ግን አይናገርም። ሚስቱ አንድ ጊዜ ጠየቀችው፤ ዳግመኛ እንዳትጠይቅ አድርጎ አስፈራራት። ጆን የተባለው ልጅ ከእሷ ልጆች ጋር በአንድ ግቢ አደገ። የአባቱ ስም ግን አልተሰጠውም። በዚያ አገር ዲቃላ ሁሉ የሚጠራበት «ስኖው»፣ ማለትም በረዶ፣ የሚለው ስም ተለጠፈበት።

ኬትሊን ልጁን አልገረፈችውም፤ አላስራበችውም። ያደረገችው ፊት መንሳት ነው። በስሙ አትጠራውም ነበር። ባልዋ ወደ ዋና ከተማ ሲሄድ ልጁ ከእሷ ዘንድ እንዲቀር አልፈቀደችም። ከልጆቿ አንዱ ከግንብ ወድቆ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ፣ ጆን ሊሰናበተው ቢቀርብ፣ በዚያ አልጋ ላይ መተኛት የነበረብህ አንተ ነበርክ የሚል ቃል ወረወረችበት። እሱም በ14 ዓመቱ ማግባትና ርስት መያዝ ወደተከለከሉበት የጠረፍ ዘብ ሄደ።

በዚያ ምሽት ግማሾቻችን «ልጁ ምን አጠፋ? ጨካኝ ናት» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «የተዋረደችው እሷ ናት» ስንል ተከራከርን። ሁለቱም ወገን የተከራከረው ስለ ጠባይ ነው። እኛ ግን ከጠባይ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ እንላለን፤ እሱም የውርስ ጥያቄ ነው።

ታሪክን እንይ። በ14ኛው መቶ ዓመት በእስፓኝ ምድር በካስቲል አልፎንሶ 11ኛ የሚባል ንጉሥ ነበር። በሕግ ያገባት የፖርቱጋል ልዕልት ማርያን ነው። የሚኖረው ግን ሌዎኖር ዴ ጉዝማን ከምትባል ሴት ጋር ነበር፤ አሥር ልጆች ወለደችለት። በ1334 ሌዎኖር ኤንሪኬንና ፋድሪኬን መንታ ወለደች። በዚያው ዓመት ንግሥቲቱ አልጋ ወራሹን ፔድሮን ወለደች። ንግሥት ማርያ ያንን ሁሉ ዓመት ውርደቷን ዋጥ አድርጋ ኖረች። በ1350 ንጉሡ ጂብራልታርን ከብቦ ሳለ በወረርሽኝ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ሌዎኖር በንግሥቲቱ ትእዛዝ ተገደለች። በ1358 ፔድሮ ወንድሙን ፋድሪኬን አስገደለ። ኤንሪኬ ግን አመለጠ፤ ጦር ሰበሰበ፤ በ1369 ሞንቲየል ላይ ፔድሮን ገድሎ ዘውዱን ጫነ። ክሪስቶፈር ኮሎምበስን በ1492 የላከችው ንግሥት ኢሳቤላ የዚሁ የ«ዲቃላው» የልጅ ልጅ የልጅ ልጅ ናት።

ስለዚህ የኬትሊን ፍርሃት መሠረት የለሽ አልነበረም። በልብ ወለዱ ውስጥ የበኩር ልጇ ነግሦ ጆንን ወራሹ ለማድረግ ባሰበ ጊዜ የተቃወመችውም ይህንኑ የመሰለ ያገራቸውን ታሪክ ጠቅሳ ነው። ነገር ግን የካስቲልን ታሪክ ደግመን ስናነበው ሌላ ሐቅ ይወጣል። ኤንሪኬን ጦር ያስመዘዘው ዲቃላነቱ ብቻ ነውን? እናቱ ስትታረድ፣ ወንድሙ ሲገደል ምን ምርጫ ቀረው? የተፈራው ጠላት በከፊል በፍርሃቱ የተፈጠረ ነው።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 1ኛ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ሮበርት የግሎስተር መስፍን የሚል ማዕረግና ርስት ተሰጥቶት በክብር አደገ። አልጋ ወራሹ በ1120 በመርከብ አደጋ ሞተ፤ በ1135 ደግሞ አባትየው አረፈ። ያኔ ሮበርት ዘውዱን ለራሱ አልተመኘም፤ ከ1138 ጀምሮ የሕጋዊቱን እኅቱን የማቲልዳን ጦር መራ። በ1141 ለእሷ ሲዋጋ ተማረከ፤ በ1147 እስኪሞት ድረስም ከእሷ አልተለየም። ፊት ያልተነሳ ዲቃላ የቤቱ ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም።

ወደ አገራችን ስንመለስ መልኩ ይለያል። በ1236 የእንግሊዝ መኳንንት ወላጆቹ ኋላ ቢጋቡ እንኳ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ልጅ አይወርስም ብለው ሕጋቸውን አጽንተው ነበር። በአማራው የርስት ልማድ ግን ልጅ ከአባቱም ከእናቱም ወገን ይወርሳል፤ የሚፈለገው አባትየው «ልጄ ነው» ማለቱ ነው። በ1844 የተወለዱት ምኒልክ እናታቸው እጅጋየሁ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ፤ ይህ ከንግሥና አላገዳቸውም። ምኒልክም በተራቸው በ1876 ዘውዲቱን ከሌላ ሴት ወልደዋል። በ1883 ያገቧቸው እቴጌ ጣይቱ ከንጉሡ ልጅ አልወለዱም፤ ዘውዲቱም የተዳሩት ለጣይቱ የወንድም ልጅ ለራስ ጉግሣ ወሌ ነው። እቴጌዪቱ በእንጀራ ልጃቸው ላይ በሩን ከመዝጋት ይልቅ ከወገናቸው ጋር ማስተሳሰሩ በጃቸው። የሚፈናቀል ልጅ ስላልነበራቸው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? በኛ አስተያየት የመጀመሪያው ተጠያቂ ለአንዱ ልጅ ሁሉን ሰጥቶ ለሌላው በረዶ የሚል ስም የሚሰጠው ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ዝምተኛው አባት ነው። በ2016 በታየው ክፍል ልጁ የኔድ ሳይሆን የእኅቱ ልጅ መሆኑ፣ የደበቀውም ንጉሡ እንዳይገድለው መሆኑ ተገልጧል። ዝምታው ሕይወት አድኗል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሚስቱና ሕፃኑ ናቸው። ሦስተኛዋ ኬትሊን ናት። በባልዋ መቆጣት መብቷ ነበር፤ ቁጣዋን ግን ሊመልስላት በማይችለው ላይ አወረደችው። ባልን መናገር ያስፈራል፤ ልጅን ፊት መንሳት ግን አያስፈራም። ምክንያቷን ተረድተንላታል፤ መረዳት ግን ነጻ ማውጣት አይደለም።

በዚህ ካምፕ ዙፋን የለም፤ ርስት የለም፤ ያለው የራሽን ካርድ ነው። በካርዱ ላይ ያልተመዘገበ ልጅ ሲመጣ የአምስት ሰው ዱቄት ለስድስት ይካፈላል። ባል ከመንገድ ያመጣውን ልጅ የማን እንደሆነ ሳይናገር ሲያስቀምጥ፣ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሰልፍ የሚቆመው ያ ልጅ ነው። ከማዕዱ መጨረሻ የሚቀርበውም እሱ ነው። ሁላችንም አይተናል። ቋንቋችን ግን ይችን ሴት «የእንጀራ እናት» ይላታል። ስሟ የተሰጣት በእንጀራ ነው፤ እንጀራውን እንኳ ከነሳች ምን ቀራት?

መምህራን ነንና የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ከማሠልጠኛ ኮሌጅ በወጣንበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ተማሪ ስንመዘግብ፣ አንዱን ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት «የአባትህ ስም ማነው?» አልነው። ዝም አለ። ጮክ ብለን ደገምነው። ከኋላ አንዱ «ዲቃላ ነው» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቁን አላስቆምንም። ልጁ በሁለተኛው መንፈቅ አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ መልካም ነው። በክፍል ውስጥ የሚሳቀውን ሳቅ የሚያስቆመው ግን መምህሩ ነው፤ በማዕድ ዙሪያ ያለውን ቅዝቃዜ የሚያስቆሙትም የቤቱ አዋቂዎች ናቸው።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ ያመጣችሁትን ልጅ ማንነት ለሚስቶቻችሁ ተናገሩ፤ ካርዱ ላይም አስመዝግቡት። እናቶች ሆይ፣ የምትቆጡትን ለባለ ዕዳው ተቆጡት። ልጁን ግን በስሙ ጥሩት። በሚቀጥለው የንባብ ምሽት የሚቃወመን ካለ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ቀድሞ ይምጣ።