ግርሻ ትኩሳት

ግርሻ ትኩሳት (ትኩሳት ግርሻም ይባላል) ቦሬሊያ ረከረንቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣና በልብስ ቅማል አማካኝነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው ትኩሳቱ ከጠፋ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ስለሚያገረሽ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮፓና በአፍሪካ ሚሊዮኖችን ያጠቃ ነበር። ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ነው።

መተላለፊያው

ባክቴሪያውን ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር በበርሊን በታማሚዎች ደም ውስጥ አይቶ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1873 አሳተመ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጭንና እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ ነው። ከሰው በስተቀር ሌላ እንስሳ ውስጥ እንደሚኖር አይታወቅም።

ብዙ ሰው ቅማል ስትነክስ በሽታውን የምታስተላልፍ ይመስለዋል። ዋናው መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው ሲያክ ቅማሏን ይጨፈልቃታል፣ ከውስጧ የወጣው ፈሳሽም በተላጠ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ ስስ ሽፋን በኩል ይገባል። ቅማል የጋለ ገላ አትወድም። ታማሚው ሲያተኩሰው ትታው አጠገቡ ወደተኛው ሰው ትሄዳለች፤ በሽታው በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚያድሩ ሰዎች መካከል ቶሎ የሚዛመተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ

ባክቴሪያው ከገባ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፤ አንዳንዱን ይነስረዋል፣ ዓይኑም ቢጫ ይሆናል። ነፍሰ ጡሮችን ሊያስወርዳቸው ይችላል። ትኩሳቱ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ይለቃል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላም ይመለሳል። የሚመለሰው ባክቴሪያው የላይኛውን ፕሮቲኑን ስለሚለዋውጥ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የመጀመሪያውን መልክ ለይቶ ሲያጠፋ መልካቸውን የቀየሩት ተርፈው ይራባሉ። ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ሕክምና ያገኙት ግን አብዛኞቹ ይድናሉ።

በኢትዮጵያ

በሽታው በክረምትና በመስከረም አካባቢ ይበረታል። ብርዱ ሲጠና ልብስ ይደራረባል፣ አጠባው ይቀንሳል፣ ሰውም ተጠጋግቶ ይተኛል። በብዛት የሚያጠቃቸው የጎዳና ተዳዳሪዎችን፣ በጋራ ክፍል የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችን፣ እስረኞችንና ወታደሮችን ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከተበተነው ሠራዊት አባላት መካከል ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ሐምሌ እስከ 2009 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ በአርሲ ዞን የከተማ ነዋሪዎች መካከል ወረርሽኝ ተመዝግቧል።

ከሻሸመኔ በስተሰሜን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለችው ኩየራ የምትገኘው በሁለት የአየር ጠባዮች መካከል ነው። በስተምሥራቋ ቀዝቃዛው የአርሲ ደጋ አለ። መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ደግሞ ወባ ወዳለባቸው ወደ አዳሚ ቱሉና ወደ ዝዋይ (ባቱ) ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ በትኩሳት የመጣ ታማሚ ወባም፣ ግርሻም፣ ተስቦም ሊሆንበት ይችላል። በዚያው በምዕራብ አርሲ ያለው የጋምቦ ሆስፒታል ሐኪሞች በሽታው ስለያዛቸው ልጆች ጥናት አሳትመዋል።

ምርመራ

የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያ የሚታየው ለወባ በሚሠራው የደም ስላይድ ላይ ነው። ስለዚህ ወባ ሲፈልግ ይህንን ያገኘ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጥቂት አይደለም። ችግሩ ያለው በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት በሚሰጠው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ የወባን ፕሮቲን ብቻ ስለሚለይ ቦሬሊያን ጨርሶ አያሳይም። «ወባ የለህም» ማለት ከትኩሳት ነፃ ነህ ማለት አይደለም። በየክሊኒኩ የተለመደው የታይፎይድ የደም ምርመራ (ዊዳል) ደግሞ ታይፎይድ የሌለበትንም ሰው «አለብህ» ሊል ስለሚችል በእሱ ብቻ መወሰን ያሳስታል። ትኩሳቱ መጥቶ ሄዶ የተመለሰበት ሰው ስላይድ እንዲሠራለት ቢጠይቅ ይገባዋል።

ሕክምናና አደጋው

አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ኤሪትሮማይሲን ይሰጣል። መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ከወሰዱ በኋላ ያሉት ሰዓታት ቀላል አይደሉም። ባክቴሪያዎቹ በጅምላ ሲሞቱ ሰውነት በኃይል ይቆጣል። ታማሚው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከበፊቱ ይብሳል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ ይባላል፤ ሊገድልም ይችላል። በዚህ የተነሳ ታማሚው መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ ተኝቶ ክትትል ሊደረግለትና ግፊቱ ከወረደ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል። ድንገት ብድግ ማለትም አደገኛ ነው።

ስለዚህ ምላሽ ዓለም ካወቀው ብዙው የተገኘው ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ነው። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጥናት፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን ቁጣ ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግድ ፀረ-እንግዳ አካል ለ20 ታማሚዎች ቀድሞ ሲሰጥ ምላሹ በ10ሩ ላይ ብቻ ታየ፤ ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን በ26ቱ ላይ ታይቷል።

መከላከያ

ክትባት የለውም። ልብስንና የመኝታ ጨርቅን በፈላ ውኃ ማጠብ ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። መታጠብ የማይችል ልብስ በፕላስቲክ ታስሮ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ቅማሉ በረሃብ ይሞታል። ታማሚውን አክሞ እዚያው ልብሱ ውስጥ መመለስ ግን በሽታውን ለመኝታ ጓደኞቹ ማቆየት ነው።