ሙቀት መላሽ ማናፈሻ

«የሙቀት ማገገሚያ አየር ማናፈሻ» የሚለው ስም በየትርጉም ወረቀቱ እየተዛመተ ነው፤ ሳይለመድ ቢታረም ይሻላል። ማገገም ከሕመም ለተነሣ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ለሕመምተኛውም ለጠፋው ንብረትም አንድ ቃል ቢጠቀም አማርኛ የሚከተልበት ምክንያት የለም። በእኛ ቋንቋ በሽተኛ ያገግማል፣ የጠፋ ንብረት ይመለሳል።

መሣሪያው ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የታፈነውን ሞቃት አየር እየሳበ ያስወጣል፤ ንጹሑን ከውጭ ያስገባል። ሁለቱ በስስ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሳይቀላቀሉ ይተላለፋሉ፤ ወጪው ሙቀቱን ለገቢው ትቶ ይሄዳል። የጀርመኖቹ ኃይል ቆጣቢ የቤት አሠራር መስፈርት፣ ፓሲቭ ሃውስ፣ ቢያንስ 75 በመቶው ሙቀት እንዲመለስ ይጠይቃል።

«ማናፈሻ» ጥሩ ቃል ነው። ነፋስ፣ ነፍስና መናፈሻ ዘመዶቹ ናቸው፤ የታፈነ እህልም ይናፈሳል። ክርክሩ ሙቀቱ ላይ ነው። «ሙቀት ቆጣቢ» ያሉ አሉ፤ ወፍራም መጋረጃም ሙቀት ይቆጥባልና ምኑም አይለይም። «ሙቀት አስቀሪ» ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሠርጉን አስቀረ ስንል ሠርጉ የለም ማለታችን ነው። «ሙቀት አስመላሽ» ከሕግ ሰዎች «ንብረት ማስመለስ» የተቀዳ ነው፤ ሆኖም አስመለሰው ሲባል የሚታሰበው ሆድ ነው።

እኔ «ሙቀት መላሽ» እላለሁ። ጠላት መላሽ ማለትም አለና የሚያባርር ይመስላል የሚሉ ይኖራሉ። ግን ብድር መላሽ የምንለውን ሰው እናስብ፦ የተቀበለውን በሌላ መልክ ይሰጣል። ጥያቄ መመለስም፣ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መመለስም እንዲሁ ነው። ወጪው አየር ከቤቱ የወሰደውን በገቢው በኩል ይመልሳል። ቃሉ ሥራውን ልክ ይናገራል፤ ለአፍም አይከብድም።

ሁለተኛ ስም የሚያስፈልገው በለንደን አሮጌ ቤቶች ላለው የጭስ መንገድ ነው። በታኅሣሥ 1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተማዋን ያፈነው ጭስ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ አስወጣ፤ ጋዝ ተከተለ፣ የከሰል ምድጃው ተዘጋ። ዛሬ ግድግዳ ሳይፈርስ ከጣሪያ ሥር ካለው መሣሪያ ቱቦ ወደ ሳሎን የሚወርደው በዚያ ባዶ መንገድ ነው። «ሥራ የፈታ ጭስ መውጫ» ልበለው። «ማውጫ» አልልም፤ ማውጫ ከምድጃ በላይ በሞተር ጭስ የሚስበው ነው፣ ይኼኛው መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህም «በጭስ መውጫ ማናፈስ» ማለት ያሳስታል። አየሩ በባዶው ጡብ መካከል በቀጥታ አይሄድም፤ ጥቀርሻው ይሸታል፣ ስንጥቁም አየሩን ያስወጣል። ትክክለኛው አባባል «በጭስ መውጫው ውስጥ ቱቦ ማውረድ» ነው። መንገዱ ብዙውን ጊዜ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ተጣጣፊ ቱቦ ይገባበታል፤ አስቀድሞ ጥቀርሻው ይጠረግ፣ ቱቦውም ላብ እንዳያወጣ ይሸፈን።

«ሥራ የፈታ» የሚለው ግን ተጣርቶ ይባል። ከውጭ አንድ የሚመስለው ግንብ በውስጡ ለየምድጃው የተለየ መንገድ አለው። ከጎን ያለው ምድጃ አሁንም የሚነድ ከሆነ፣ በተሰነጠቀ ጡብ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና ባለሙያ ሳያይ ቱቦ አይውረድ።