የጥርስ ነርቭ ራሱን ከባክቴሪያ እንዴት ይከላከላል?

በጥርስዎ መሃል ሐኪሞች ፐልፕ የሚሉት፣ ብዙ ሰው «የጥርስ ነርቭ» ብሎ የሚጠራው ለስላሳ ክፍል አለ። በውስጡ ነርቭ ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችና በሽታ ተከላካይ ሴሎችም ይገኛሉ።

መከላከያው እንዴት ይሠራል?

መቦርቦር ጠንካራውን የላይኛ ሽፋን (ኢናሜል) አልፎ ዴንቲን ላይ ሲደርስ፣ ባክቴሪያዎች በዴንቲኑ ውስጥ ባሉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። በፐልፑ ዳር የተደረደሩት ኦዶንቶብላስት የተባሉ ሴሎች ይህን ቀድመው ያውቃሉ። ከዚያም፦

• ነጭ የደም ሴሎችን በኬሚካል መልእክት ይጠራሉ፤
• ተጨማሪ ዴንቲን እየሠሩ ግድግዳውን ያወፍራሉ።

ጥርሱ በዚህ ደረጃ ከተሞላ ፐልፑ ብዙ ጊዜ ያገግማል።

ሕመሙ ምን ይነግርዎታል?

ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል። ፐልፑ ግን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ ማበጫ ቦታ የለውም፤ በውስጡ ግፊት ይጨምርና ነርቩን ያሳምማል።

• ቀዝቃዛ ሲነካው ጠዝጥዞ በሰከንዶች የሚተው ሕመም፦ ፐልፑ ሊድን ይችላል።
• በራሱ የሚነሳ፣ ለደቂቃዎች የሚቆይ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፦ ፐልፑ በአብዛኛው ከእንግዲህ አያገግምም።
• ከባድ ሕመም ቆይቶ በራሱ ጸጥ ካለ፦ ፐልፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ተሽሎኛል ብለው አይዘናጉ፤ ባክቴሪያዎቹ በጥርሱ ሥር ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ያልፋሉ፣ መግልም ሊቋጥር ይችላል።

አንቲባዮቲክ ብቻውን ለምን አያድንም?

መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው። ፐልፑ ሲሞት የደም ሥሮቹም ስለሚሞቱ፣ መድኃኒቱም ሆነ ነጭ የደም ሴሎች ጥርሱ ውስጥ አይደርሱም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ መፍትሔ አይሆንም። ቅርንፉድም ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ምንጩን አያስወግድም። ምንጩ የሚወገደው በሩት ካናል (የነርቭ ሕክምና) ወይም ጥርሱን በመንቀል ነው። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው ኢንፌክሽኑ ከጥርሱ አልፎ ሲሰራጭ፣ ከዚሁ ሕክምና ጋር ነው።

መቼ ይታከሙ?

ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ መጠዝጠዝ ሲጀምር ይታዩ። በወሎ ሰፈርና በቦሌ አካባቢ ብዙ የጥርስ ክሊኒኮች ስላሉ፣ ጥርሱን በራጅ ለማሳየት ሕመሙ እስኪብስ አይጠብቁ።

ፊትዎ ወይም አንገትዎ ካበጠና ትኩሳት ካለዎት፣ ወይም አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።