የዋረም ፐርሲ አጥቢያ፦ የጠፋ መንደር ታሪክ በመሬት ላይ ሲነበብ

መግቢያ

የታሪክ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው በጽሑፍ ማስረጃ ላይ ነው። የጽሑፍ ማስረጃ ደግሞ በባሕርዩ የጻፈውን ወይም ያስጻፈውን ክፍል ጉዳይ ያስቀድማል። የንጉሡን ግብር፣ የባለርስቱን ድርሻ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አሥራት ይመዘግባል እንጂ፣ ግብር ከፋዩ በምን ዓይነት ቤት ይኖር እንደ ነበር፣ ልጆቹ እንዴት እንዳደጉ፣ ከመንደሩም ለምን እንደ ተነቀለ እምብዛም አይናገርም። ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላው መሬቱ ራሱ ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር የሚገኘው የዋረም ፐርሲ አጥቢያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአጥቢያው ገጽታ

ዋረም ፐርሲ የሚገኘው ከዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዎልድስ በሚባለው የነጭ ኖራ ድንጋይ ኮረብታማ አገር ውስጥ ነው። በመካከለኛው ዘመን አጥቢያው አምስት መንደሮችን ያቀፈ ነበር፤ እነርሱም ዋረም ፐርሲ፣ ቲክሰንዴል፣ ሬስቶርፕ፣ በርዴልና ታውቶርፕ ናቸው። ከአምስቱ መካከል መንደር ሆኖ እስከ ዛሬ የዘለቀው ቲክሰንዴል ብቻ ነው።

ዛሬ ወደ ዋረም ፐርሲ የሚሄድ ሰው የሚያየው ሣር የለበሰ መሬት፣ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያንና አንድ ኩሬ ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጥላው መሬቱን ያስነብባል። በመስመር የተሰለፉ ዝቅተኛ ጉብታዎች የቤት መሠረቶች ናቸው። በመካከላቸው ጎድጉዶ የሚያልፈው የመንደሩ መንገድ ነው። ከቤቶቹ በስተ ኋላ የጓሮ ወሰኖች ይታያሉ። ከፍ ያለውና ሰፊው ፍርስራሽ የባለርስቱ ግቢ ነበር። በሸለቆው ውስጥ ያለው የአፈር ግድብ ቀድሞ ለውሃ ወፍጮ፣ በኋላም ለዓሣ እርባታ ውሃ ያቆር ነበር።

ይህ ሁሉ ምልክት እስከ ዛሬ የቆየው መሬቱ ከ500 ዓመት በፊት ገደማ ከእርሻ ወጥቶ የበግ ግጦሽ ስለ ሆነ ነው። ሰውን ያስነሣው ግጦሽ የሰውን አሻራ ከማረሻ ጠበቀው።

የጥናቱ አጀማመር

እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ጸሐፊዎች በእንግሊዝ አገር ፈጽመው የጠፉ መንደሮች ጥቂት ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሞሪስ ቤረስፎርድ ግን በግብር መዝገብ ውስጥ የሚታዩ፣ በካርታ ላይ ግን የሌሉ ብዙ ስሞችን አገኙ። ዋረም ፐርሲን በ1948 ጎበኙ፤ በ1950 ደግሞ ጉብታዎቹ በእርግጥ ቤቶች መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቁፋሮ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጆን ኸርስት ተባበሯቸው።

ሥራው እስከ 1990 ድረስ ለአርባ ዓመታት ቀጠለ። በየበጋው ለሦስት ሳምንታት ያህል ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጉልበት ያዋጡት ተማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ወደ 3,000 የሚሆኑ የጠፉ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች ይታወቃሉ።

ቤቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑና አጽሞቹ

ከቁፋሮው የተገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ገባሩ ቤት ነው። የኖራ ድንጋይ ግድግዳዎቹ ብዙ ጊዜ ታድሰው ስለ ተገኙ፣ አጥኚዎቹ ቤቶቹ በየትውልዱ ፈርሰው የሚሠሩ ደካማ ጎጆዎች ነበሩ የሚል አስተያየት ይዘው ቆዩ። በ1989 ግን ስቱዋርት ራዝሜል ይኸንኑ ማስረጃ እንደ ገና መርምረው የተለየ ትርጉም ሰጡት። በእርሳቸው ማብራሪያ መሠረት ጣሪያውን የሚሸከመው ግድግዳው ሳይሆን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጋጠሙ ጠማማ ትላልቅ እንጨቶች ነበሩ። ግድግዳው ቢታደስም ቤቱ ለረጅም ዘመን ይቆም ነበር ማለት ነው። ማስረጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ንባቡ ነው። በዚህም ገባሩ ከጎጆ ነዋሪነት ወደ ጽኑ ቤት ባለቤትነት ከፍ አለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የአጥቢያውን ሕዝብ ብዛት እንደ መዝገብ ይዟል። ከሥሩ የአነስተኛ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ምልክት ተገኝቷል። በእርሱ ቦታ የድንጋይ ሕንፃ ተተካ፤ በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ሕዝቡ ሲበዛ በግራና በቀኝ ተጨማሪ ክፍሎች ተሠሩለት። በኋላም ሕዝቡ ሲያንስ ክፍሎቹ ፈረሱ፤ በድንጋይ የተደፈኑት ቅስቶች ዛሬም በግድግዳው ላይ ይታያሉ። መንደሩ ከጠፋ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ የቀረውን አጥቢያ ሲያገለግል ቆየ፤ ቲክሰንዴል በ1870 የራሷን ስትሠራ ግን ምእመናኑ ተመናመኑ። አገልግሎቱ በ1949 ተቋረጠ፤ በ1959 የደወሉ ማማ በከፊል ተናደ።

ከመቃብሩ ስፍራ ወደ 700 የሚጠጉ አጽሞች ወጥተው ተጠንተዋል። በሕፃናቱ አጥንት ላይ የተደረገው የኬሚካል ምርመራ እናቶች ልጆቻቸውን እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያጠቡ እንደ ነበር አመልክቷል። ከዚያ በኋላ ግን ዕድገታቸው የዘገየ ነበር፤ የአሥራ አራት ዓመት የዋረም ልጅ ቁመት ከዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ ቁመት ጋር ይቀራረባል። የትኛውም የግብር መዝገብ ይህን አልጻፈም።

መንደሩን ያጠፋው ምንድን ነው?

በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ጥቁሩ ሞት» የተባለው ወረርሽኝ ነው የሚል ነው። ወረርሽኙ በ1349 ዮርክሺርን አጥቅቷል፤ በዋረምም ብዙ ሰው ሞቷል። ይሁን እንጂ መንደሩ ከዚያ በኋላ ለ150 ዓመታት ያህል ሰው ነበረበት። ሐቁ እንዲህ ነው፦ የሕዝቡ ቁጥር በመቀነሱ የእህል ፍላጎት ቀነሰ፤ የሠራተኛ ዋጋ ከፍ አለ፤ የተሻለ መሬት ያገኙ ቤተሰቦች ወደዚያው ሄዱ። ለባለርስቱ ከእህል ይልቅ የበግ ጠጉር የሚያዋጣ ሆነ፤ ለበግ ደግሞ ጥቂት እረኛ ይበቃል።

በ1500 ገደማ የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሡ። በ1517 በመንግሥት ትእዛዝ የተካሄደው ምርመራ በዋረም ፐርሲ አራት ቤቶች እንዲፈርሱ መደረጋቸውንና የእርሻው መሬት ወደ ግጦሽ መለወጡን መዝግቧል፤ ባለርስቱም የሂልተን ቤተሰብ ነበር።

እንግዲህ መንደሩን ያዳከመው አንድ ነገር፣ የዘጋው ሌላ ነገር ነው። ወረርሽኙ መቅሠፍት ነበር፤ የጭሰኛው መነቀል ግን የሰው ውሳኔ ነው። መምህሩ «በሽታ አጠፋው» ብሎ ካለፈ፣ ተማሪው ውሳኔውንም ወሳኙንም ሳያውቅ ይቀራል።

ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ከዋረም ፐርሲ የሚወሰደው ዋና ልምድ የአስተሳሰብ ሥርዓት ነው። ተማሪው በአንድ ስፍራ ያየውን ምልክት፣ ምልክቱ ያመለክታል ብሎ የገመተውን፣ ግምቱን ሊያፈርስ የሚችለውን ማስረጃ ለየብቻ እንዲጽፍ ቢደረግ፣ የታሪክ ምሁር የሚሠራውን ሥራ በትንሹ ይሠራል። ለዚህ ቁፋሮ አያስፈልግም፤ በአገራችን ያለ ፈቃድ መቆፈር በሕግም የተከለከለ ነው። የተተወ የገበያ ቦታ፣ ያረጀ የድንጋይ እርከን፣ የፈረሰ ቅጥር፣ አቅጣጫውን የለወጠ መንገድ በእግር ተዞሮ፣ ተለክቶና ተሥሎ ከሽማግሌዎች ቃልና ከተገኘው ጽሑፍ ጋር ሊመሳከር ይችላል።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ሁለት ነገሮችን ማጤን ይገባቸዋል። አንደኛ፣ በዓመት ሦስት ሳምንት ብቻ የወሰደ ሥራ ለአርባ ዓመት ሳይቋረጥ በመቀጠሉ ትልቅ ውጤት አስገኝቷል፤ ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚጀመር የአካባቢ ጥናት በመዝገብ እየተያዘ ለተከታዩ ክፍል መተላለፍ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ መሬት ለትምህርት ቤት ግንባታ ወይም ለእርሻ ሥራ ከመደልደሉ በፊት በላዩ ያለው ምልክት ሊመዘገብ ይገባል። የተቀደደ ጽሑፍ ቅጂ ሊገኝለት ይችል ይሆናል፤ የተደለደለ የቤት መሠረት ግን ቅጂ የለውም።